ቡድናችን የወረደበት ዓመት

ጎረቤቴን ያወቅኩት በኳስ ነው። ኮተቤ ኮንዶሚኒየም በገባን በሁለተኛው ወር፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ገዝቼ ደረጃውን ስወጣ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የአንድ ቤት በር ገርበብ ብሎ የጨዋታ አስተላላፊ ድምፅ ይሰማል። የሚጫወተው የእኔ ቡድን ነበር። ለአንድ ደቂቃ ብዬ ቆምኩ። የማዕዘን ምት ተገኘ፤ ወዲያው ሌላ ተደገመ። እዚያው እንደቆምኩ በሩ ተከፈተና ቀጠን ያለ፣ ጠጉሩ ገና መሸበት የጀመረ ሰው ብቅ አለ።

«የእኛ ነዎት?» አለኝ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ይግቡ እንጂ ታዲያ! ዳቦው እስኪደርቅ እዚህ ይቆማሉ?»

ገባሁ። ሚስቴ ዳቦውን ስትጠብቅ ዋለች።

ያኔ ጡረታ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን እዚሁ የካ ውስጥ፣ የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ። እሱ በስምንት ዓመት ያንሰኛል። ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሕንፃ ፕላን ይሠራል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ አንዲት ልጁ አግብታ ሀዋሳ ትኖራለች። መምህር እንደነበርኩ ከነገርኩት ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «መምህር» ይለኛል፣ እርስዎ እያለ። እኔ አንተ እለዋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ መውጣት የጀመርነው ሐኪሜ የስኳሬን መጠን ዐይቶ «በእግርዎ ይሂዱ» ካለኝ በኋላ ነው። በጠዋት ሁለት ታክሲ ቀይረን ከተራራው ሥር እንወርዳለን፤ ከዚያ በባሕር ዛፉ መሐል ቀስ እያልን እንወጣለን። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። በዐቢይ ጾም ጊዜ እንቁላል በዳቦውን ትቶ ቆሎ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ፊት ላለመብላት ነው። አንድም ቀን ግን ለዚያ ብዬ ነው ብሎኝ አያውቅም።

እኔ ወግ አጥባቂ ነኝ። ልጆቼ ይህን ቃል የሚጠቀሙበት ሊሰድቡኝ ሲፈልጉ ነው፤ እኔ ግን አልጠላውም። ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ከመታጠቤ በፊት ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ ዜናው ሳያልቅም በእያንዳንዱ ነገር ላይ ፍርዴን ሰጥቼ ጨርሻለሁ። አሮጌ ቤቶች ለመንገድ ሊፈርሱ ነው ሲባል፣ አሮጌ ማለት የማይረባ ማለት ያደረገው ማነው ብዬ እጠይቃለሁ። ትዳር በዓመቱ እየፈረሰ ነው ሲባል፣ ሽማግሌ ሳይላክ የተጀመረውን ማን ያስታርቀዋል እላለሁ። ቅዳሴ በስልክ የሚከታተል ሰው እግሩን ምን ነካው እላለሁ። ሚስቴ ይህን ሁሉ ከኩሽና ሆና ትሰማለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ትስማማለች፤ አንዳንዴ ደግሞ «እስቲ ሰውዬው ተናግሮ ይጨርስ» ትላለች፣ ዜና አንባቢውን ማለቷ ነው።

ጠዋት ለሚስቴ የምለውን ቅዳሜ ለጎረቤቴ እደግመዋለሁ። እሱ ያዳምጣል። የእሱ ዜና ቡድኑ ነው። ማን ተጎዳ፣ ማን ኮንትራት አላደሰም፣ አሰልጣኙ ለምን ያንን ልጅ ተጠባባቂ ላይ አስቀመጠው፤ ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ ይመጣል። እኔ በቡድኑም ላይ እንደዚያው ነኝ። አሰልጣኝ አይቀየር እላለሁ። ከሌላ ቦታ ከማምጣት ከታዳጊው ማሳደግ ይሻላል እላለሁ። የማሊያችንን መልክ የቀየሩት ጊዜ ሳምንት ሙሉ ተናድጄ ከረምኩ።

«መምህር፣ እርስዎ ቡድኑን እንደ ክፍል ነው የሚያዩት» ይለኛል እየሳቀ።

«ክፍል ቢሆን ኖሮ ተከላካዮቹን አንበረክካቸው ነበር።»

ይስቃል። ያን ጊዜ ሳቁ ለምን አጭር እንደሆነ አላሰብኩበትም።

ቡድናችን የወረደበት ዓመት ከመጀመሪያውም አላማረም። ስታዲየሙ ለዕድሳት ከተዘጋ ወዲህ ጨዋታው በክልል ከተሞች ሆኗል፤ እኛም በአካል ካየናቸው ዓመታት አልፈዋል። አባቴ እጄን ይዞ እዚያው ስታዲየም፣ ርካሹ መቀመጫ ሚስማር ተራ ሲያስገባኝ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የሰው ጩኸት ደረቴ ውስጥ ሲገባ የተሰማኝ ያን ቀን ነው። አሁን በቴሌቪዥን የማየው ባዶ ወንበር ነው። ካሜራው ዞር ሲል አሥር አሥራ አምስት ደጋፊ ከበሮ ይመታል። የገዛ ቤቱ የሌለው ቡድን፣ ሜዳዬ ነው በሚለው ሜዳ እንግዳ ሆኖ ይጫወታል። ከኅዳር ጀምሮ ተሸነፍን፣ አቻ ወጣን፣ ተሸነፍን። ጥር ላይ አሰልጣኙ ተሰናበተ። ጎረቤቴ ደስ አለው፤ እኔ ተቃወምኩ። አዲሱም መጣና ተሸነፈ።

«እንዳልኩህ አይደል?» አልኩት።

«እርስዎ ያሉት ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለ።

የካቲት ላይ በየሰዉ ስልክ አንድ ቪዲዮ መጣ። አንድ መምህር ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ በጥፊ ሲመታ ያሳያል። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በማግስቱ ዜና ሆነ። መምህሩ ከሥራ ታገደ፣ ፖሊስ ጠየቀው፣ ወላጆች ወደ ሬዲዮ እየደወሉ ተናገሩ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን እየተሟገትኩ ቆየሁ፤ ቅዳሜ ደረሰ።

ዳገቱን ጨርሰን፣ ሁልጊዜ የምናርፍበት የተቆረጠ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ከተማው ከበታችን ጭጋግ ለብሶ ነበር።

«ያንን ቪዲዮ አዩት መምህር?» አለኝ።

«አየሁት። መምህሩን አገዱት አይደል?»

«አዎ። ሊከሰስ ነው ይላሉ።»

«ይኸው ነው እንግዲህ!» አልኩ፤ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። «ለአንድ ጥፊ! ለአንድ ጥፊ ሰው ከእንጀራው ይፈናቀላል? እኛ ስንቱን ቀምሰን ነው ያደግነው። ልጅ ካልፈራ አይማርም። ዛሬ ተማሪው መምህሩን በስልክ ይቀርጻል፣ ወላጅ በር ላይ መጥቶ ይጮኻል፣ በኋላ ልጆቹ ፈተና ወደቁ ብለን ደረት እንመታለን። መምህርን ያዋረደ አገር ማን ሊያስተምርለት ነው?»

 ከዚያ «እርስዎ መትተው ያውቃሉ?» አለ።

«ምን ማለትህ ነው? ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ? ገርፌያለሁ እንጂ! ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጉልበቴን ካልሳምን የሚሉ አሉ። ‹የእርስዎ ጎማ ነው ለዚህ ያበቃን› ይሉኛል።»

ኪሱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሬዲዮ በስሱ ታወራ ነበር። አውጥቶ አጠፋት።

«መምህር፣ ስንራመድ በየት በኩልዎ ነው የምሄደው?»

ጥያቄው ግራ ገባኝ። አሰብኩ። «በግራዬ።»

«ለምን ይመስልዎታል?»

«እንጃ። እንዲሁ ለምዶብህ ይሆናል።»

«ግራ ጆሮዬ አይሰማም። በቀኜ ካልሆኑ የሚሉትን አልሰማም።»

ሦስት ዓመት አብሬው ስሄድ አላወቅኩም ነበር።

«አራተኛ ክፍል ነበርኩ» አለ፤ ፊቱን ወደ ከተማው አድርጎ ነው የሚናገረው። «ሰኞ ጠዋት ነው። እሁድ ቡድናችን አሸንፎ፣ ጎሉ እንዴት እንደገባ ለጎኔ ልጅ በሹክሹክታ እነግረዋለሁ። መምህሩ ከኋላዬ ነበር፤ አላየሁትም። አንዴ ነው የመታኝ። አሁን እንዳሉት፣ አንድ ጥፊ። በማግስቱ ከጆሮዬ መግል ወጣ። እናቴ ዘይት እያሞቀች ታንጠባጥብልኝ ነበር። ሄደሽ ጠይቂ ሲሏት ‹መምህር ነው፣ ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ› አለች። እኔም በኋላ በዚያ ጆሮዬ የሚሰማኝ ፉጨት ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ፉጨቱም ጠፋ።»

የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል አንሥቼ አጣጠፍኩት።

«ኳስ እጫወት ነበር። ነግሬዎት አላውቅም። የግራ ክንፍ ነበርኩ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ለታዳጊ ቡድን ሙከራ ወሰዱኝ፣ ለዚሁ ለእኛው ቡድን። አሰልጣኙ በግራ በኩል መስመሩ ላይ ቆሞ ይጠራኛል። አልሰማሁም። ሁለቴ ጠራኝ፣ ሦስቴ ጠራኝ። ‹ይሄ ልጅ የሚሉትን አይሰማም› ብሎ አስወጣኝ። እውነቱን ነው፤ አልሰማም ነበር።»

በዚያች ሰዓት ማለት የነበረብኝን አሁን አውቀዋለሁ። ያልኩት ግን ሌላ ነው።

«ያ መምህርህ ጥፋተኛ ነው» አልኩት። «ጆሮ አካባቢ አይመታም። እኛ መዳፍ ላይ፣ እግር ላይ ነበር። አንዱ አላወቀበትም ተብሎ ግን...»

ተነሣ። ሱሪውን አራገፈ። «እንውረድ መምህር» አለ።

ቁልቁለቱን እሱ ቀድሞ ወረደ። ጠባቡ መንገድ ላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከኋላችን መጡና ለማሳለፍ ጥጋችንን ያዝን፤ ሸክማቸው መንገዱን ሞልቶት ስለነበር እሱ በአንደኛው፣ እኔ በሌላኛው በኩል ቀረን። ታክሲ ውስጥ ጋቢና ገባ፤ እኔ ኋላ ተቀመጥኩ። ቤታችን ደረጃ ላይ «ደህና ይዋሉ» አለኝና በሩን ዘጋ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣም። በሚከተለውም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እንደ ወትሮው ቆብ አውልቆ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ስኳሬም ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ያልፋል። ጨዋታ ሲኖር ከበሩ ውስጥ የአስተላላፊው ድምፅ ይሰማል፤ በሩ ግን ገርበብ አይልም። እኔም ኩራት ያዘኝ። ምን አጠፋሁ? አልመታሁት። አስተያየቴን ነው የተናገርኩት።

ሚስቴ ሦስት ሳምንት ታግሣ ጠየቀችኝ።

«ምን ብለኸው ነው?»

ነገርኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝና «ስለዚያ ልጅ ነግረኸዋል?» አለች።

«የቱ ልጅ?»

«ሱሪው ላይ የሸናው።»

ረስቼዋለሁ ብል እዋሻለሁ። የማላስታውስበት ቦታ አስቀምጬው ነበር። ነገሩ በሆነበት ቀን ቤት ገብቼ ምሳ አልበላም ብዬ ለእሷ ነግሬያታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም አንሥተነው አናውቅም። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል።

ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰባ ያህል ልጆች አሉ። ይህ ልጅ ሦስት ቀን በተከታታይ የቤት ሥራ ሳይሠራ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከወደ እንጦጦ በእግሩ የሚመጣ ልጅ ነበር። ሰሌዳው ላይ አውጥቼ «ሥራው» አልኩት። አልቻለም። ክፍሉ ይንጫጫል፤ እኔም ያን ቀን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተጨቃጭቄ ነው የገባሁት። ከመሳቢያዬ የውሃ ጎማውን አወጣሁ። እግሩ ላይ መታሁት። አልጮኸም፤ ስላልጮኸ ጨመርኩለት። ከዚያ ቆሞ እንዳለ ሱሪው ራሰ። መጀመሪያ አንድ ልጅ ሳቀ፣ ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ። እኔ ምን አደረግኩ? ዞርኩና ቀጣዩን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በማግስቱ ልጁ አልመጣም። ሁለት ሳምንት ቀሪ እያልኩ ምልክት አደረግኩበት፤ ከዚያ ስሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ። ቤተሰቡ ቦታ ለቅቆ ይሆናል አልኩ። ሄጄ አልጠየቅኩም።

«እኔ ስላንተ ክፉ ማለቴ አይደለም» አለች ሚስቴ። «ግን ጠዋት ጠዋት በሰው ሁሉ ላይ ስትፈርድ ያ ልጅ ይመጣብኛል።»

የመጨረሻው ጨዋታ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ካላሸነፍን እንወርዳለን። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወርጄ አንኳኳሁ። ከፈተልኝ። ማሊያውን ለብሷል፣ አሮጌውን፣ መልኩ ሳይቀየር የነበረውን።

«መምህር።»

«ብቻዬን ላየው አልቻልኩም» አልኩት።

«ይግቡ።»

ከዕረፍት በፊት አንድ ለባዶ መራን። ሁለታችንም ስንጮህ እጄን ያዘኝ፣ ወዲያው ደግሞ ለቀቀው። ዕረፍት ሲሆን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።  ስናገር እንዲሰማኝ ተነሥቼ በቀኙ በኩል ተቀመጥኩ።

«ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ለምኑ?»

«እንጦጦ ላይ ለተናገርኩት።»

«እሱን ትቼዋለሁ።»

«አልተውከውም።»

ትንሽ ፈገግ አለ። «አልተውኩትም» አለ።

ያን ጊዜ ስለ ልጁ ነገርኩት፤ ከጎማው እስከ ቀዩ መስመር ድረስ። ለሚስቴ ከነገርኳት በላይ ነው የነገርኩት፤ ዞሬ መጻፌን ለእሷም አልነገርኳትም ነበር። ስጨርስ ጨዋታው ከዕረፍት ተመልሷል፤ እሱ ግን ቴሌቪዥኑን አያይም።

«ለኔ ያሉትን ተቀብያለሁ» አለ። «ግን እርስዎ እኔን አልመቱኝም መምህር። የመታኝ ሰውዬ ሞቷል። ቀብሩ ላይ ሄጃለሁ፤ ምን ፈልጌ እንደሄድኩ እስካሁን አላውቅም። ዳር ቆሜ ነበር። ልጆቹ ሲያለቅሱ አየሁና ተመለስኩ።» ፊቱን ወደ እኔ መለሰና «እርስዎ ግን አሉ» አለ።

መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። በረኛችን ወደ ቀኝ ወደቀ፤ ኳሱ በግራ ገባ። አቻ ወጣን። ፊሽካው ሲነፋ አምበላችን ሣሩ ላይ በደረቱ ተኛ፤ ሌሎቹ በቆሙበት ቀሩ። ከበሮ የሚመቱት ጥቂት ሰዎች መምታታቸውን አላቆሙም።  ስለ አሰልጣኙ፣ ስለ ማሊያው፣ ስለ ታዳጊዎቹ ዓመቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣ አለ። አባቴ ቢኖር ኖሮ ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩ። ስልሳ ዓመት ገደማ የእኔ ያልኩት ቡድን ነው፤ ወርዶ አያውቅም።

«ወረድን» አለ ጎረቤቴ።

«ወረድን» አልኩ።

ብዙ ተቀመጥን። ማሊያውን ሳያወልቅ ሻይ አፈላልኝ፤ ያለ ስኳር።

በዚያው ሳምንት ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤቴ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሯ ወጣት ናት፤ በአክብሮት ተቀበለችኝና ወደ መዝገብ ቤት ላከችኝ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አቧራ የለበሱ መዝገቦች አወረደችልኝ። አንድ ሰዓት ያህል ገለጥኩ። አገኘሁት። የእጄ ጽሑፍ ነው፣ ቀዩ ቀለም ወደ ቡናማ ሄዷል፣ ከመስመሩ ሥር ግን ስሙ በደንብ ይነበባል። ሠራተኛዋ በትከሻዬ በኩል አየችና «እሱን ነው የሚፈልጉት? የሰፈሬ ልጅ ነው እኮ» አለች። «በያጅ ነው። ወደ እንጦጦ ሲወጡ በስተግራ፣ የብረት በር የሚሠራበት ቤት አለው።»

ቅዳሜ ያን መንገድ ከጎረቤቴ ጋር ስንት ጊዜ ወጥተነዋል! የብየዳ ቤቱንም አውቀዋለሁ።

አብሮኝ እንዲመጣ ለመንኩት። መጣ፤ ግን «እኔ ውጭ እቆያለሁ» አለ።

ሰውዬው መስኮት እየበየደ ነበር። መነጽሩን ወደ ላይ አድርጎ አየኝ፤ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፣ ክንዶቹ ወፋፍረዋል፣ ዝምታው ግን ያው ነው። ስሜን መናገር አላስፈለገኝም።

«መምህር?» አለና ተነሣ። የሚቀመጥበትን ዱካ ጠርጎ ሰጠኝ። እሱ ቆመ። እኔም ተቀምጬ መናገር ስላልቻልኩ ተነሣሁ።

«ስድስተኛ ክፍል እያለህ» ብዬ ጀመርኩ፣ «አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ አውጥቼ...»

«አስታውሳለሁ» አለ ሳልጨርስ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ጨርቅ አነሣና እጁን ይጠርግ ጀመር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ።

«መምታትዎ አይደለም እኮ» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም ይመታ ነበር። ቤትም ይመቱኝ ነበር። እናቴ እንጨት ልትለቅም በሌሊት ትወጣለች፤ ታናናሾቼን የማበላው እኔ ነበርኩ፣ ለዚያ ነው ያልሠራሁት። እሱን መናገር እችል ነበር፣ አልተናገርኩም። የማይወጣልኝ ልጆቹ ሲስቁ ነው። እርስዎ ዝም ያሰኟቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። ዞረው ጻፉ። ጀርባዎን ነው የማስታውሰው። ገዋንዎ ከኋላ ተቀዶ በጥቁር ክር ተሰፍቶ ነበር።»

እውነት ነው። ሚስቴ ነች የሰፋችው፤ ነጭ ክር አልቆባት ነበር።

«ልጅ አለኝ» አለ። «ሦስተኛ ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት የማደርሰው እኔ ነኝ። ግን በሩ ላይ ሲደርስ እመለሳለሁ። ግቢው ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የወላጅ ስብሰባ ሲኖር እናቱ ናት የምትሄደው። ሥራ በዝቶበት ነው ትላቸዋለች።»

ማልቀስ አልፈለግኩም፤ እሱ ፊት ማልቀስ ሌላ ሸክም መጫን መሰለኝ። መሬቱን እያየሁ «በደልኩህ» አልኩ። «የሠራሁትን አውቄዋለሁ። እያወቅኩ ነው የተውኩት።»

«ሰምቻለሁ መምህር» አለ። ከዚያ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «ይቅር ብያለሁ ልልዎት እችላለሁ። ሽማግሌ ቤት ድረስ ሲመጣ እንደዚያ ነው የሚባለው። አሁን ብልዎት ግን ለአፌ ያህል ነው። ልቆይበት።»

ስልክ ቁጥሬን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፍኩለት። አነበበው፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። እስከ በሩ ድረስ ሸኘኝና መንገድ ዳር ከቆመው ጎረቤቴ ጋር በእጅ ሰላም ተባባሉ፤ ማንነቱን አልጠየቀም። ገና ጥቂት እርምጃ ሳንሄድ የብየዳው ድምፅ ከኋላችን ቀጠለ።

ጎረቤቴ ምን አለዎት ብሎ አልጠየቀኝም። ታክሲ ስንይዝ በራሴ ጊዜ ነገርኩት።

ክረምቱ አለፈ። በቪዲዮው የታየው መምህር መጨረሻው ምን እንደሆነ አልሰማሁም፤ ዜናው ሁለት ሳምንት ከተወራ በኋላ ሌላ ነገር ተተካበት። ስለ ብዙ ነገር ያለኝ ሐሳብ አልተለወጠም። ዛሬም አሮጌ ቤት ሲፈርስ ይከፋኛል፤ ዛሬም ልጅ ታላቁን ማክበር አለበት እላለሁ። ሬዲዮውንም በጠዋት እከፍታለሁ። ግን አንድ ሰው ተቀጣ፣ አንድ ሰው ተከሰሰ ሲባል ቶሎ አልናገርም። ሚስቴ አስተውላዋለች፤ አንድ ቀን «አሞሃል እንዴ?» አለችኝ።

ቡድናችን በሁለተኛው ዲቪዚዮን መጫወት ጀምሯል። ግማሹ ተጫዋች ለቅቆ ሄዷል፤ የቀሩት አብዛኞቹ ከታዳጊው ያደጉ ናቸው፤ ስማቸውን ገና እየተማርን ነው። ጎረቤቴ ጨዋታቸውን ከቀድሞው በበለጠ ይከታተላል። ቅዳሜያችንም ተመልሷል።

በያጁ እስካሁን አልደወለም። በብየዳ ቤቱ በኩል ስናልፍ አንዳንዴ እጁን ያነሣል፤ አንዳንዴ መነጽሩን እንዳደረገ አጎንብሶ ይሠራል፣ ይየን አይየን አላውቅም። ቆሜ አላስቸግረውም።

«አይደውልም ይሆናል እኮ» አለኝ ጎረቤቴ ባለፈው ቅዳሜ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩት።

«ይከፋዎታል?»

ዳገቱ ላይ ስለነበርን ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «ይከፋኛል» አልኩ። «ግን የእሱ ነው።»

ራሱን ነቀነቀና ቀጥለን ወጣን።